ንጉሥ እንዴት ይያዛል? ለጀማሪ የሰንጠረዥ ተጫዋቾች

በግቢያችን ሰንጠረዥ የሚጀምር ተማሪ ብዙ ነው፤ የሚጨርስ ግን ጥቂት ነው። ማታ ማታ በመኝታ ቤቶች መተላለፊያ ቆሞ ለተመለከተ ሰው ነገሩ ግልጽ ነው። አንዱ ተጫዋች የባላጋራውን ንግሥት በልቶ፥ ሁለቱን ግንቦች በልቶ፥ በገበታው ላይ ብቸኛ ንጉሥ ካስቀረ በኋላ፥ ያንን ብቸኛ ንጉሥ ከማእዘን ወደ ማእዘን ሲያባርር እኩለ ሌሊት ይሆናል። በመጨረሻ ወይ ሁለቱም ሰልችቷቸው ይነሣሉ፥ ወይም ባለ ድሉ ሳያውቀው ጨዋታውን እኩል ያደርገዋል። እንዲህ የሚሆኑት ደግሞ የመክፈቻውን ስልት ከስልካቸው ላይ አይተው እስከ አሥረኛው እርምጃ በቃላቸው የያዙ ልጆች መሆናቸው ያስገርማል። መሠረቱን ጥሎ ግድግዳውን አቁሞ ጣራ መክደን ያቃተውን ግንበኛ ይመስላሉ።

ጨዋታው ደግሞ ያለ ወሰን ሲያባርሩ የሚያድሩበት አይደለም። በዛሬው ዓለም አቀፍ ደንብ ሁለቱም ወገኖች 50፥ 50 ጊዜ ተንቀሳቅሰው ጠጠር ካልተበላ ወታደርም ካልተራመደ፥ የተጨነቀው ወገን «እኩል ነን» ብሎ መጠየቅ ይችላል። ስለዚህ መጨረስ አለማወቅ ያሸነፉትን መልሶ መስጠት ነው። ይህ ጽሑፍ የታሰበው ጠጠሮቹ እንዴት እንደሚሄዱ ለሚያውቅና ንጉሥ መያዝ ላቃተው ጓደኛችን ነው።

አስቀድሞ ስለ ስሞች እንስማማ። በእንግሊዝኛ ሩክ የሚባለውን ግንብ፥ ፓውን የሚባለውን ወታደር እንለዋለን። ቢሾፕን፥ ሁላችንም እንደዚያ ስለምንጠራው፥ ቢሾፕ ብለን እንተወው። የገበታውን ቤቶች ለመጥራት ደግሞ የባዕድ ፊደል አያስፈልገንም። ነጭ በሚጫወተው ሰው በኩል ተቀምጠን ከግራ ወደ ቀኝ ስምንቱን ቁም መደዳዎች ሀ፥ ለ፥ ሐ፥ መ፥ ሠ፥ ረ፥ ሰ፥ ቀ እንበላቸው፤ ከነጭ ወደ ጥቁር ደግሞ አግድሞቹን ከ1 እስከ 8 እንቍጠር። ሸ የት ገባች የሚል ቢኖር፥ በግዕዙ ተራ ሸ የለችም። ሀና ሐ፥ ሠና ሰ በድምፅ አንድ ናቸውና ሲነበቡ እንዳያደናግሩ፥ የኔታ እንዳስተማሩን ሃሌታው ሀ፥ ሐመሩ ሐ፥ ንጉሡ ሠ፥ እሳቱ ሰ እያልን እንለያቸው። እዚህ ላይ አንድ ደስ የሚል አጋጣሚ አለ፤ በጨዋታው መጀመሪያ የነጭ ንጉሥ የሚቆመው በሠ1፥ የጥቁሩም በሠ8 ነው። ንጉሡ በንጉሡ ሠ ላይ ይቆማል ማለት ነው። ይህን የያዘ ሰው ንጉሥና ንግሥትን አቀያይሮ አይደረድርም።

ገበታ የለኝም የሚል ሰበብም አይሠራም። ለተግባር ልምምድ ወደ አታትም ሆነ ወደ ሌላ ቦታ ወጥቶ ማታውን የሚሠራው ያጣ ተማሪ፥ አንድ ካርቶን ቀዶ 64 ቤት ቢያሰምር፥ 32 ቆርኪ ቢለቅምና በየቆርኪው ላይ የጠጠሩን ስም ጽፎ ቢለጥፍ በቂ ነው። ለዚህ ትምህርት እንዲያውም 32ቱም አያስፈልጉም፤ አምስት ስድስት ይበቃሉ።

አሁን ወደ ጉዳዩ እንግባ። አንድ ጠጠር የባላጋራውን ንጉሥ ለመምታት የሚችልበት ቦታ ሲደርስ ቼክ ይባላል። ቼክ የተባለ ተጫዋች ሦስት መላ ብቻ አለው፤ ይሸሻል፥ ይጋርዳል፥ ወይም የመታውን ጠጠር ይበላል። ሽሽ፥ ጋርድ፥ ብላ። ከሦስቱ አንዱ ካለ ጨዋታው ይቀጥላል፤ ሦስቱም ከሌሉ ማት ሆነ፥ ጨዋታውም አለቀ። ጀማሪ ሁሉ ማት መስሎት «አለቀ!» ብሎ ከመጮኹ በፊት እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች በየተራ ቢጠይቅ፥ ከመተላለፊያው ጭቅጭቅ ግማሹ ይቀር ነበር። ሁለት ነገር ልብ ይሏል። የፈረስ ቼክ አይጋረድም፤ ፈረስ ዘላይ ስለ ሆነ በመካከል የሚቆም ነገር አያግደውም። ሁለት ጠጠሮች በአንድ ጊዜ ቼክ ካሉ ደግሞ መሸሽ እንጂ ሌላ መላ የለም፤ አንዱን ቢበሉ ሌላው አለና።

ማት የሚለው ቃል ከፋርስ የመጣ ነው። ሻህ ማት ማለት ንጉሡ መላ አጣ ማለት ነው። ዐረቦች ማት የሚለው በቋንቋቸው ሞተ ከሚለው ቃል ጋር ስለ ገጠመላቸው፥ በብዙ መጻሕፍት ንጉሡ ሞተ ተብሎ ተተርጕሞ ይገኛል። ከጨዋታው ጠባይ ጋር የሚስማማው ግን የመጀመሪያው ነው፤ በሰንጠረዥ ንጉሥ አይበላም፥ ጨዋታው ከመበላቱ አንድ እርምጃ ቀድሞ ይቆማል።

መላ ማጣት ሲባል ግን ወዲያው የሚነሣ ሌላ ነገር አለ፤ ጀማሪውንም እንባ የሚያስፈስሰው እሱ ነው። ንጉሡ ቼክ ሳይባል የሚሄድበት ቤት ቢያጣ፥ ሌላም የሚንቀሳቀስ ጠጠር ባይኖረው፥ ጨዋታው እኩል ይሆናል። ቼስተኞች ስቴልሜት ይሉታል። የጥቁር ንጉሥ ሀ8 ላይ ብቻውን ቢቆም፥ የነጭ ንግሥት ለ6 ላይ ብትቆምና ተራው የጥቁር ቢሆን፥ ለ8፥ ለ7፥ ሀ7 ሦስቱም በንግሥቲቱ ተይዘዋል፤ ንጉሡ ራሱ ግን አልተመታም። ነጭ ንግሥት ይዞ ጥቁር ባዶ እጁን ሳለ እኩል ወጡ። ምልክቱን ያዙት፤ ንግሥት በማእዘን ከቆመ ብቸኛ ንጉሥ የፈረስ ዝላይ ያህል ርቃ ስትቆም ስቴልሜት ነው።

ከሁሉ የሚቀለው ማት የሁለት ግንቦች ነው። የጉራጌን መንደር የሚያውቅ ሰው ግንብን ለመረዳት አይቸግረውም። በአታት አካባቢ እንዳሉት መንደሮች ሁሉ ቤቶቹ በግራና በቀኝ ተሰልፈው በመካከላቸው ሰፊው ጀፎረ ይዘረጋል፤ በጀፎረው አንድ ጫፍ የቆመ ሰው እስከ ሌላው ጫፍ የሚሻገረውን ሁሉ ያያል። ግንብም እንዲሁ ነው። በአንድ መደዳ ጫፍ ከቆመ ያ መደዳ በሙሉ የእርሱ ነው፤ ንጉሥ ሊሻገረው አይችልም። ሁለት ግንቦች ካሉ እንግዲህ አንዱ ጀፎረውን ይዘጋል፥ ሁለተኛው ከሚቀጥለው መደዳ ላይ ያባርራል፤ ከዚያ የኋለኛው አልፎ የሚቀጥለውን ይይዛል። ጥጃን ወደ በረት እንደ መንዳት ነው።

በቆርኪያችሁ እንሞክረው። ነጭ ንጉሥ ሰ1፥ ግንቦቹ ሀ4ና ለ1፤ የጥቁር ንጉሥ ብቻውን ሠ5። ተራው የነጭ ነው። የሀ4 ግንብ አራተኛውን መደዳ ዘግቷል። ነጭ ግንቡን ከለ1 ወደ ለ5 ያመጣና ቼክ ይላል። ጥቁር ወደ ታች መውረድ አይችልም፤ ወደ መ6 ወጣ እንበል። ነጭ የሀ4ን ግንብ ሀ6 አድርጎ ቼክ ይላል። አሁን ጥቁር ብልጥ ከሆነ ወደ ሐ7 ይጠጋል። ለምን? የሚቀጥለው የነጭ እርምጃ ግንብ ለ7 እንዳይሆን ነው፤ እዚያ ቢመጣ ንጉሡ ራሱ ይበላዋል። ጀማሪ የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ንጉሡ ሲጠጋ ግንቡ በያዘው መደዳ ላይ እንዳለ ወደ ሌላው ጫፍ ይሸሻል። ነጭ የለ5ን ግንብ ወደ ቀ5 ያንሸራትታል። ጥቁር ወደ ለ7 መጥቶ የሀ6ን ግንብ ቢያስፈራራ፥ እርሱም በዚያው በስድስተኛው መደዳ ወደ ሰ6 ይሸሻል። ጥቁር ወደ ሐ7 ቢመለስ ግንብ ቀ7 ቼክ፤ ጥቁር መ8፤ ግንብ ሰ8፥ ማት። ሽሽ ቢባል ሰባተኛው መደዳ በቀ7 ግንብ ተይዟል፤ ጋርድ ቢባል ጠጠር የለም፤ ብላ ቢባል ግንቡ ሩቅ ነው። የነጭ ንጉሥ በዚህ ሁሉ ውስጥ ከሰ1 አልተነቃነቀም። ይህ ማት ንጉሡን የማያስቸግር ቀላል ማት ስለ ሆነ ነው ከእርሱ መጀመራችን።

ንግሥት ብቻዋን ግን ማት ማድረግ አትችልም፤ የንጉሡ ርዳታ ያስፈልጋታል። በግቢያችን በብዛት የሚገጥመው ጨዋታ ይህ ነው፥ ምክንያቱም አንድ የተረፈ ወታደር ስምንተኛው መደዳ ደርሶ ንግሥት ይሆናል። ብዙዎች ቼክ፥ ቼክ፥ ቼክ እያሉ ንጉሡን በገበታው ላይ ያዞሩታል። ቼክ ማብዛት ጥቅም የለውም። ንጉሡ እንዲጠብ እንጂ እንዲሮጥ አንፈልግም።

ዘዴው እነሆ። ንግሥቲቱን ከባላጋራ ንጉሥ የፈረስ ዝላይ ያህል አርቆ ማቆም፤ ከዚያ ንጉሡ በሄደበት አቅጣጫ፥ በሄደው ልክ፥ ንግሥቲቱም እንደ ጥላው ትከተላለች። ነጭ ንጉሥ ለ2፥ ንግሥት ሐ1፥ የጥቁር ንጉሥ ሠ5 ይሁን። ነጭ ንግሥቱን ሐ4 ያደርጋል። ከሠ5 እስከ ሐ4 ቍጠሩት፤ የፈረስ ዝላይ ነው። ጥቁር ወደ ረ6 በማእዘን ወጣ፤ ንግሥትም በዚያው ልክ መ5። ጥቁር ሰ7፤ ንግሥት ሠ6። ጥቁር ቀ8፥ ማእዘን ውስጥ ገባ። አሁን ጥላውን መከተል የለመደው እጃችን ንግሥትን ረ7 ላይ ሊያስቀምጣት ይቸኩላል። ቁም! ይኸው ያ የፈረስ ዝላይ ነው፤ ሰ8ም፥ ሰ7ም፥ ቀ7ም ተያዙ፥ ንጉሡ ግን ቼክ አልተባለም፥ እኩል ወጣን። ንጉሡ ማእዘን ሲገባ ጥላነቱ ያበቃል። ነጭ ንግሥትን ከሠ6 ወደ ሠ7 ብቻ ከፍ ያደርጋታል። ሰባተኛው መደዳ ተዘጋ፤ ጥቁር ግን ሰ8 የምትባል አንዲት ቤት ቀርታለታለች። ያቺን ቤት ሆን ብለን ነው የተውንለት። ከዚህ በኋላ እርሱ ከቀ8 ወደ ሰ8፥ ከሰ8 ወደ ቀ8 ሲመላለስ፥ የነጭ ንጉሥ ሳይቸኩል ይመጣል፤ ጥቁር ሰ8፥ ነጭ ንጉሥ ሐ3፤ ጥቁር ቀ8፥ ንጉሥ መ4፤ ጥቁር ሰ8፥ ንጉሥ ሠ5፤ ጥቁር ቀ8፥ ንጉሥ ረ6፤ ጥቁር ሰ8፤ ንግሥት ሰ7፥ ማት። ንግሥቲቱ ከንጉሡ አጠገብ ብትቆምም ሊበላት አይችልም፤ በረ6 ያለው የገዛ ንጉሥዋ ይጠብቃታል። ሁሉም ዘጠኝ እርምጃ ነው። በትክክል ከተጫወቱት ንግሥትና ንጉሥ ባዶ ንጉሥን ከየትኛውም ቦታ ተነሥተው ቢበዛ በ10 እርምጃ ይይዙታል፤ የአንድ ግንብ ቢበዛ 16 ይፈጃል። ከ50ው ጋር ሲተያይ ብዙ ጊዜ ነው፤ ለማያውቅ ሰው ግን 500ም አይበቃውም።

የአንድ ግንብ ማት ሙሉ ትምህርት ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል፤ ቁልፉን ብቻ ላሳያችሁ። ግንቡ ንጉሡን በመጨረሻው መደዳ ከዘጋው በኋላ፥ ሁለቱ ነገሥታት በመካከላቸው አንድ ቤት አድርገው ፊት ለፊት ሲተያዩ፥ ያኔ ግንቡ በመጨረሻው መደዳ ቼክ ካለ ማት ነው። ነጭ ንጉሥ ሠ6፥ ግንብ ሀ7፥ የጥቁር ንጉሥ ረ8 ይሁን፤ ተራው የነጭ። ነገሥታቱ ፊት ለፊት አይደሉም። ቸኩሎ ግንብ ሀ8 ቼክ ያለ ሰው ንጉሡን በሰ7 በኩል ያስመልጠዋል። ዐዋቂው ግን ግንቡን ከሀ7 ወደ ለ7 አንድ ቤት ያንቀሳቅሳል፤ ሌላ ምንም አያደርግም። እርምጃውን አሳለፈ ማለት ነው። አሁን ጥቁር መንቀሳቀስ ግድ ሆነበት። ሠ8 ቢሄድ ፊት ለፊት ገጠመ፥ ግንብ ለ8 ማት። ሰ8 ቢሸሽ ንጉሥ ረ6 ይከተለዋል፤ ቀ8 ቢገባ ንጉሥ ሰ6፤ ከማእዘኑ ወደ ሰ8 መውጣት እንጂ ሌላ የለውም፥ ሲወጣም ከሰ6ቱ ንጉሥ ጋር ፊት ለፊት ይገጥማል፤ ግንብ ለ8፥ ማት። ሰንጠረዥ ዝም ማለት የሚጠቅምበት ጨዋታ መሆኑን የሚያስተምረው ይህ እርምጃ ነው።

ባዶ ንጉሥን መያዝ ይህ ሆነ። ገበታው በጠጠር ተሞልቶ ሳለ የሚመጣ ማት ደግሞ አለ፤ እርሱም ብዙውን ጊዜ የሚመጣው በተያዘው ወገን የገዛ ጠጠሮች ምክንያት ነው። የጥቁር ንጉሥ ሰ8 ላይ ተደብቆ፥ ሦስት ወታደሮቹ ረ7፥ ሰ7፥ ቀ7 ላይ ተደርድረው ቢጠብቁት ጀማሪው ደኅና ነኝ ይላል። የኋላውን መደዳ የሚጠብቅ ጠጠር ከሌለው ግን፥ የነጭ ግንብ በባዶው ሠ መደዳ ከሠ1 ተነሥቶ ሠ8 ሲደርስ፥ ጠባቂዎቹ ራሳቸው እስረኛ አደረጉት። መድኃኒቱ ፋታ ሲገኝ የቀ7ን ወታደር ወደ ቀ6 አንድ እርምጃ ማስኬድ ነው። ለቤት መስኮት እንደ መክፈት ነው። እስካሁን ከተጫወትኋቸው ጨዋታዎች በጣም ብዙውን ያየሁት ማት ይህ ነው፤ ተጫዋቾቹ ደካሞች አልነበሩም፥ ማጥቃት ብቻ እንጂ ወደ ኋላ ማየት አይወዱም።

ስለ ፈጣኖቹ ማቶች በአጭሩ እናልፋለን። በፈረንጅ አገር የተማሪ ማት የሚባለው ይህ ነው። ነጭ ወታደር ሠ4፥ ጥቁር ወታደር ሠ5፤ ቢሾፕ ሐ4፥ ፈረስ ሐ6፤ ንግሥት ቀ5፤ ጥቁር ንግሥቲቱን ላባርር ብሎ ፈረሱን ረ6 ያወጣል፤ ንግሥት ረ7ን በልታ ማት። ረ7 በመጀመሪያው አሰላለፍ ከንጉሡ በቀር ጠባቂ የሌለው ቤት ነው፥ ንግሥቲቱን ደግሞ ከሐ4 ቢሾፑ ይጠብቃታል። መከላከያው የሰ7ን ወታደር ወደ ሰ6 መግፋት ነው፤ ንግሥቲቱ ወደ ረ3 ሸሽታ ያንኑ ስታስፈራራ ያኔ ፈረሱ ረ6 ይጋርዳል። በዚህ ማት ሁልጊዜ የሚጫወት ልጅ በየመኝታ ቤቱ አንድ አይጠፋም፤ መከላከያውን ከሚያውቅ ሰው ጋር ሲገጥም ግን ንግሥቱ ያለ ጊዜዋ ወጥታ ስትንከራተት ያያል። ከሁሉ የሚያጥረው ማት ደግሞ በሁለተኛው እርምጃ ይሆናል፤ ነጭ ወታደር ረ3፥ ጥቁር ወታደር ሠ5፤ ነጭ ወታደር ሰ4፥ የጥቁር ንግሥት ቀ4፥ ማት። የንጉሡን በር በገዛ እጁ የከፈተ ሰው ብቻ ነው እንዲህ የሚያዘው።

እስካሁን ያልነው ሁሉ የዛሬው የዓለም ሰንጠረዥ ነው። አሁን ብዙዎቻችን ወደማናውቀው እንሻገር፤ አገራችን የራስዋ ሰንጠረዥ ነበራት፥ በእርሱም ንጉሥ መያዝ ብቻ አይበቃም ነበር። እንዴት እንደ ተያዘ ይጠየቅ ነበር።

ስሙ ራሱ ይመሰክራል። ሰንጠረጅ የምንለው ከዐረቡ ሸጥረንጅ የመጣ ነው፤ ዐረቡ ከፋርስ፥ ፋርሱ ከሕንድ ወስደውታል። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ትግራይ ሄዶ ራስ ወልደ ሥላሴን ጨለቆት ላይ ሰንጠረዥ ሲጫወቱ አይቷል። ቆንሲል ሆኖ የተሾመው ዋልተር ፕላውደንም እ.ኤ.አ. በ1868፥ ከሞተ ከስምንት ዓመት በኋላ፥ በታተመው መጽሐፉ ስለ አጨዋወቱ ጽፏል። የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም የመጀመሪያው ዳይሬክተር የነበሩት ሪቻርድ ፓንክረስት ደግሞ ይህን ሁሉ ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ1971 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ሰፊ ጽሑፍ አውጥተዋል። ከዚህ በታች የምናገረውን ያገኘሁት ከዚያው መሥመር ነው።

ገበታው እንደ ዛሬው ነጭና ጥቁር አልነበረም፤ ብዙውን ጊዜ ቀይ ጨርቅ ሆኖ በሰማያዊ ወይም በጥቁር መስመር 64 ቤት የተከፈለ ነበር። ንግሥት አልነበረችም፤ በንጉሡ አጠገብ የሚቆመው ፈርዝ የተባለ አማካሪ ነው፥ እርሱም በማእዘን አንድ ቤት ብቻ ይሄዳል። በቢሾፕ ቦታ ፊል ይቆማል፥ ፊል ማለት ዝሆን ነው፤ በማእዘን ሁለት ቤት ይዘላል። ፈረስና ግንብ እንደ ዛሬው ናቸው። አጀማመሩ ግን በዓለም ከሚታወቀው ሁሉ የተለየ ነው። ወረራ ይባላል። ተራ ጠብቆ አንድ አንድ መራመድ የለም፤ ሁለቱም ተጫዋቾች የባላጋራቸውን አሰላለፍ እያዩ፥ በፈለጉት ፍጥነት፥ የፈለጉትን ያህል ጠጠር ያንቀሳቅሳሉ፤ የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ወረራው ያበቃል፥ ከዚያ በኋላ ተራ በተራ ይሆናል።

ስለ ማቱ የነበረው ሥርዓት ነው ለእኛ ትምህርት የሚሆነው። ባላጋራን እርቃኑን ማስቀረት አይፈቀድም ነበር። ንጉሡ ከወታደር ሌላ ቢያንስ አንድ ጠጠር ሊኖረው ይገባል፤ ያ የመጨረሻው ጠጠር አይበላም፥ ንጉሡም በተወሰነ እርምጃ ውስጥ ካልተያዘ ማሸነፍ ቀረ። በግንብ ወይም በፈረስ የተደረገ ማት ማት ነው፥ ግን የሚያኮራ አልነበረም። የሚደነቀው በፈርዝ፥ በፊል ወይም በወታደሮች የተደረገው ነው።

ለምን እንደሆነ በቆርኪ መመርመር ይቻላል። አንድ ፊል ሐ1 ላይ አቁሙና ሁለት ሁለት ቤት በማእዘን እያዘለላችሁ የሚደርስባቸውን ቤቶች ምልክት አድርጉ፤ ሐ1፥ ሰ1፥ ሀ3፥ ሠ3፥ ሐ5፥ ሰ5፥ ሀ7፥ ሠ7። ከዚህ በኋላ የትም ቢዘል ከእነዚሁ በአንዱ ላይ ይወድቃል። ከ64ቱ ቤቶች 8ቱን ብቻ ነው የሚያውቀው! ፈርዝም ከአንድ ቀለም ስለማይወጣ 32 ቤት ብቻ ይነካል። ግንብ ግን በባዶ ገበታ ከየትም ቆሞ 14 ቤት በአንድ ጊዜ ይይዛል። በግንብ ማት ማድረግ በብዙ ጉልበት ትንሽ ሥራ መሥራት ነው፤ በፊል ማት ለማድረግ ግን ዝሆኑ ከሚያውቃቸው ስምንት ቤቶች አንዷ ንጉሡን በትክክል እስክትመታው ድረስ፥ ንጉሡን ራሱን ወደዚያ ማምጣት ያስፈልጋል። የጥንቶቹ ተጫዋቾች ሞኝ አልነበሩም፤ ችግሩን ለክተው ነው ክብሩን የመደቡት።

ይህ ጨዋታ ከ1928 ዓ.ም. የጣሊያን ወረራ በኋላ እየተረሳ ሄዶ ጠፋ። ገበጣ ዛሬም በየመንደሩ ሲጫወቱት እናያለን፤ ሰንጠረጅ የመኳንንቱ አዳራሽ ጨዋታ ስለ ነበር ግን አዳራሹ ሲፈርስ አብሮ ፈረሰ። የሚያሳዝነው፥ ዛሬ ቼዝን የሚማር ተማሪ ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ነገር ይመስለዋል፤ ቀድሞ ከደጃችን የወጣ መሆኑን የሚነግረው የለም።

በመጨረሻ አንድ አሰላለፍ ልስጣችሁ፤ በዛሬውም ደንብ በቀድሞውም ሥርዓት ይሠራል። የጥቁር ንጉሥ ሀ8፥ ወታደሩ ሀ7፥ ፈረሱ ቀ1። የነጭ ንጉሥ ሐ7፥ ወታደሩ ለ6፥ ግንቡ ሠ1። ተራው የነጭ ነው፤ በአንድ እርምጃ ማት ይደረጋል። ከማንበባችሁ በፊት ቆርኪውን ደርድሩና ፈልጉ።

ብዙ ሰው ወዲያው የሚያየው ግንብ ሠ8ን ነው፤ እርሱም እውነተኛ ማት ነው። ለ8 በግንቡ፥ ለ7 በነጭ ንጉሥ ተይዟል፥ ሀ7ን የገዛ ወታደሩ ዘግቶታል፥ ፈረሱም ከሩቅ ሆኖ ሊጋርድ አይችልም። በዛሬው ውድድር አንድ ነጥብ ያስገኛል፥ ማንም አይጠይቃችሁም። በጨለቆት አዳራሽ ግን ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር ብዬ እገምታለሁ። ሌላም አለና፤ ወታደሩን ከለ6 ወደ ለ7 አንድ እርምጃ ግፉት። ወታደር በማእዘን ስለሚመታ ሀ8ን ይመታል። ንጉሡ ሊበላው ቢል የነጭ ንጉሥ ከሐ7 ይጠብቀዋል፤ ወደ ለ8 ሊሸሽ ቢል ያው ንጉሥ ይይዘዋል፤ ሀ7 ዝግ ነው። ማት፥ በወታደር! ግንቡ ሠ1 ላይ እንደ ቆመ ምንም ሳይሠራ ቀረ።

በቤተሰቡ ወይም በመንደሩ ወረራን የተጫወተ፥ ሲጫወቱትም ያየ ሽማግሌ የሚያውቅ ጓደኛ ካለ፥ ጠይቆ የሰማውን ጽፎ ለዝግጅት ክፍሉ ቢያደርስልን በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን፤ በተለይ ወታደሩ የመጨረሻው መደዳ ሲደርስ ምን ይሆን እንደ ነበረ የሚያስታውስ ቢገኝ።